የአስተባባሪው ዝምታ

አንድ ወጣት መምህር የቀድሞ አስተማሪውን ሊጠይቅ ቤታቸው ሄደ። ከሰላምታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የመጣበትን ጉዳይ አወጣው።

«የኔታ፣ አብሮኝ በሚሠራ ሰው እቀናለሁ። ሲመሰገን ያመኛል። ነገር ግን ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም፤ ምንም አላደረግሁበትም። ልብ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቅናት ማንን ይጎዳል?»

አዛውንቱ ወንበሩን ጠጋ እንዲያደርግ በእጃቸው ካመለከቱት በኋላ እንዲህ ብለው ነገሩት።

ልመንህ የሚባል ሰው ነበረ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥልጠና አስተባባሪ ነው። ሥራው ሠራተኛውም ተማሪውም የግቢውን ደንብ እንዲያውቅ ማድረግ ነበር። እሳት ቢነሣ በየት እንደሚወጣ፣ ሴት ተማሪ ትንኮሳ ቢደርስባት ለማን እንደምትናገር፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ኬሚካል እንዴት እንደሚያዝ፣ ይህን ሁሉ ያስተምራል። አዳራሽ ያስይዛል፣ ባነር ያሰቅላል፣ ማይክሮፎን ይሞክራል፣ ውኃና ብስኩት ያስመጣል። ሥራውን ይወድ ነበር። ሰዉ ግን ሥልጠናውን አይወድለትም። የሚመጣው ግዴታ ስለሆነበት ነው፤ ከፊሉ ስሙን አስመዝግቦ በጎን በር ሹልክ ይላል፣ ከፊሉ ከኋላ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ልመንህ ይህን እያየ «የደንብ ነገር ለማንም አይጥምም፤ ማንም ቢያስተምረው ያው ነው» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። በዚህ ማጽናኛ ብዙ ዓመት ኖረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ምንታምር የምትባል ወጣት ተቀጥራ በእሱ ክፍል ተመደበች። የእሷ ድርሻ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዝግጅት ነው። ምንታምር አዳራሽ አልጠየቀችም። ተማሪው ለምሳ በተሰለፈበት ሰዓት ካፌው በር ላይ ሄደችና የድራማ ክበብ ልጆችን ይዛ ቆመች። አንዷ ተማሪ ዶርም ውስጥ ተደብቃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ የምትሠራ ሆና ስትጫወት፣ ሌላዋ ዶርሙን የምትቆጣጠር ፕሮክተር ሆና በሩን ስታንኳኳ፣ ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳይበርድ ምንታምር ወደ መሐል ገብታ፣ ምድጃው እሳት ቢያስነሣ ውኃ መድፋት ለምን እንደሚገድል በጥቂት ቃል ተናገረች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ።

ልመንህ ከዛፍ ጥግ ቆሞ ያይ ነበር። ሳያስበው ሳቀ። መሳቁን ሲያውቅ ደግሞ ደሙ ፈላ። ማጽናኛውን ያጣው በዚያች ሰዓት ነው፤ የደንብ ነገር ለካ ይጥማል።

ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ ስሟን መስማት ጀመረ። ዘወትር «ጋሼ እንዴት አደሩ» የሚለው የበር ጥበቃ «ዛሬ ምንታምር የት ነው የምታዘጋጀው?» ብሎ ጠየቀው። ተማሪዎች እሱን «ባነሩ» ብለው እንደሚጠሩት የሰማው በዚያው ሰሞን ነው። በስብሰባ ላይ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቆመው «ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው እሷን ሲያሞግሱ፣ ቀድሞ ያጨበጨበው ልመንህ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ያቆመውም እሱ ነው። ልቡን ሰው እንዳያውቅበት ፈርቶ ነው። ቤቱ ገብቶ ሚስቱ «ያቺ አዲሷ ልጅ እንዴት ናት?» ስትለው «ጯኺ ናት» አለና እራቱን ወደ ጎን ገፋ።

ከሁሉ የባሰበት ደግሞ ልጅቱ የማትጠላ መሆኗ ነው። አንቱ ትለዋለች። ለሰው ስታስተዋውቀው «ሥራውን ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው» ትላለች። ብትንቀው ኖሮ መጥላቱ በቀለለው ነበር። በምስጋናዋ ቁጥር ግን ቅናቱ የሚደገፍበት ሰበብ እያጣ ወደ ውስጥ እየሰረገ ሄደ።

አንድ ቀን ምንታምር ትልቅ ነገር አሰበች። በሴቶች ዶርም፣ ብዙ ተማሪ በሚኖርበት ብሎክ፣ የእሳት አደጋ ልምምድ ልታደርግ ነው። ሳይረን ይጮኻል፤ ተማሪዎቹ ገሚሱ በፊት ለፊቱ ደረጃ፣ ገሚሱ በኋላው ደረጃ ይወርዱና ሜዳው ላይ ይሰበሰባሉ። ሁሉን አሰናድታ ስትጨርስ ልመንህ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ የዘነጋሁት ነገር ካለ እስቲ ይንገሩኝ። እርስዎ ግቢውን ያውቁታል።»

ልመንህ በእርግጥ ያውቀዋል። የዚያ ብሎክ የኋላ በር ከሰዓት በኋላ በሰንሰለት እንደሚቆለፍ ያውቃል። ሌባ በዚያ በኩል እየገባ ስልክና ልብስ ይሰርቅ ስለነበር ፕሮክተሮቹ ቁልፍ አበጅተውለታል። እንዳይቆለፍ ብሎ ተከራክሮ ተከራክሮ አልሰሙትም። ስለዚህ እሱ ልምምድ ሲያደርግ ሁልጊዜ አስቀድሞ ሰው ልኮ ያስከፍተው ነበር። ለልምምድ አስቀድሞ መከፈት እንዳለበት የሚያውቅ ከእሱ ሌላ የለም።

ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ደስ ብሏታል። ነገ ደግሞ በየካፌው የሚወራው ይህ ልምምድ እንደሚሆን ታየው። ፕሬዚዳንቱ ሲቆሙ፣ እሱም ቀድሞ ሲያጨበጭብ ታየው።

«ጥሩ ነው» አላት። «በርቺ።»

አመስግናው ወጣች።

ልመንህ በልቡ ሰው ይጎዳ ብሎ አልነበረም። «በሩን ዝግ ሲያገኙት ተመልሰው በፊት ለፊቱ ይወርዳሉ፤ ግርግር ይሆናል፤ እሷም ትንሽ ታፍራለች፤ በቃ» አለ። አንዴ ብትደናቀፍ ምን አለበት? እኔስ ስንት ጊዜ ተደናቅፌ የለ? በማግሥቱ ጠዋት በብሎኩ አጠገብ ሲያልፍ ሰንሰለቱን በኋላው በር ላይ ተንጠልጥሎ አየው። ፕሮክተሯ በር ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሰላም ብሏት አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሳይረኑ ጮኸ። ልመንህ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ይመለከት ጀመር። በፊት ለፊቱ በር ተማሪዎች እየሣቁ ወጡ። በኋላው በር ማንም አልወጣም። ሰዎቹ «ምነው በዚያ በኩል?» ተባባሉ። ልመንህ ውስጡ አንድ ነገር ሞቅ ሲለው ተሰማው። ይኸው፣ አለ በሆዱ። ይኸው።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ልምምድ መሆኑን የማያውቁ ከላይኛው ፎቅ የወረዱ ነበሩ፤ ከነሱም አንዷ «ተቆልፏል! እሳቱ ደረሰ!» ብላ ጮኸች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ብርሃንም የለውም። ከፊት ያሉት ሰንሰለቱ ላይ ተለጠፉ፣ ከኋላ ያሉት ይገፋሉ፣ መሐል ያሉት መውደቅ ጀመሩ። ምንታምር ድምፅ ማጉያውን ይዛ «ተመለሱ! እሳት የለም!» ብትልም የሚሰማት የለም።

ልመንህ እንዴት ከደረጃው እንደወረደ አያውቅም። በሩ ጋ ሲደርስ በብረቱ ፍርግርግ መሐል የወጡ ጣቶች አየ። ቁልፉ የታለ ቢል ፕሮክተሯ የለችም። አጠገቡ አዲስ ሕንፃ ይገነባ ስለነበር ከወደቀው ብረት መሐል አንድ ፌሮ አነሣና በሰንሰለቱ ውስጥ አስገብቶ ጠመዘዘ። መዳፉ ተቀደደ። እንደገና ጠመዘዘ። ቁልፉ ሲሰበር በሩ ከነተማሪዎቹ በላዩ ላይ ተከፈተ።

ማንም አልሞተም። ሁለት ሦስቱ ራሳቸውን ስተው ነበር፤ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ክንዷ ተሰበረ።

ከዚያ የሆነውን ልንገርህ። ልመንህ የተመኘው ሁሉ መጣለት። በካፌው፣ በጥበቃው ቤት፣ በመምህራን ላውንጅ የሚጠራው የእሱ ስም ሆነ። «ልመንህ ባይደርስ ኖሮ አልቀው ነበር» ተባለ። ምንታምር ግን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። «በሩን ሳታረጋግጪ እንዴት ጀመርሽ?» ሲሏት «ልክ ነው፣ ማረጋገጥ ነበረብኝ» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ከሥራዋ ታገደች። ልመንህ ይህን ሲሰማ ደስ እንዲለው ጠበቀ። አላለውም። 

ዩኒቨርሲቲው ሊሸልመው አዳራሽ አዘጋጀ። ያ ሰው የሚያንቀላፋበት አዳራሽ እስከ በሩ ሞላ። ፕሬዚዳንቱ ካባ አለበሱትና «እስቲ ለልጆቻችን አንድ ነገር በላቸው» አሉት። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ልመንህ ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ፊት ቢያይ፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ክንዷ በጀሶ የታሰረው ተማሪ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ማገናኘት ስለማትችል በደህናው መዳፏ ጭኗን እየመታች ታጨበጭብለታለች። ዓይኗ በፍቅር ሞልቷል።

ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ጠፋበት። ካባውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረው።

«በሩ እንደሚቆለፍ አውቅ ነበር» አለ።

ሰዉ የተሳሳተ መስሎት እርስ በርሱ ተያየ።

«ምንታምር ከአንድ ቀን በፊት ቢሮዬ መጥታ ‹የዘነጋሁት ካለ ይንገሩኝ› አለችኝ። አውቄ ዝም አልኳት። እንድታፍር ብዬ ነው፤ ስለምቀናባት ነው። የቀጣችኋት እኔ ባጠፋሁት ነው።» ወደ ተማሪዋም ዞሮ «ክንድሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አላት።

የልጅቱ መዳፍ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀረ።  ልመንህ በመሐላቸው አልፎ ወጣ።

ምንታምር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ከአስተባባሪነቱ ተነሥቶ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ፤ የተሰባበሩ ወንበሮችና አሮጌ ፍራሾች ወደሚከማቹበት። ሰላም የሚለው ሰው ጥቂት ሆነ። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጦ ሳለ ምንታምር በሩ ላይ ቆመች። ልመንህ ብድግ አለ። ወይ ትሰድበኛለች፣ ወይ ይቅር ትለኛለች ብሎ ጠበቀ።

«ሌላ የማላውቀው ምን አለ?» አለችው።

አልገባውም።

«በግቢው ውስጥ። እርስዎ የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው።»

ተከትሏት ወጣ። የቤተ ሙከራው የጋዝ ሲሊንደር የት እንደሚያፈስ አሳያት። የአዳራሹ መብራት ሲጠፋ የቱ መውጫ እንደማይታይ፣ የክሊኒኩ ሰዎች በየትኛው ሰዓት እንደማይገኙ፣ የትኛዋ ፕሮክተር ዓርብ ቀን ቀድማ እንደምትሄድ፣ እየዞሩ ሁሉን ነገራት። እየጠየቀች ሰማች። ቅናቱ ያን ዕለትም አብሮት ነበር፤ ከእሱ ይልቅ ቶሎ ሲገባት ባየ ቁጥር ይወጋው ነበር። መናገሩን ግን አላቋረጠም። ሲጨርሱ አመሰገነችው። «አቶ ልመንህ፣ አመሰግናለሁ» ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ብላ ጠርታው አታውቅም።

አዛውንቱ ይህን ተናግረው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ‹ልቤ ውስጥ ብቻ ነው፣ ምንም አላደረግሁም› አልከኝ። ልመንህም ምንም አላደረገም። ‹በርቺ› ብቻ ነው ያለው፤ ደግ ቃል ነው። አብሮህ የሚሠራ ሰው አንተ የምታውቀውን ሳያውቅ ሲሄድ እያየህ ዝም ካልክ፣ ቅናትህ ከልብህ ወጥቶ ሥራውን ጀምሯል። አንተ ቁጭ ብለህም ቢሆን እሱ ይሠራል። ደግሞ ልቤ እስኪነጻ ልጠብቅ አትበል። ልመንህ ያን ግቢ ሲያዞራት ልቡ አልነጻም ነበር። ልብህ በራሱ ጊዜ ይንጻ፤ አፍህን ግን ለቅናትህ አታበድር። አሁን እኔ ልጠይቅህ። ለዚያ ባልደረባህ እያወቅህ ያልነገርከው ነገር አለ?»



«አለ» አለ ወጣቱ መሬት መሬቱን እያየ።

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠራለህ?» አሉት አዛውንቱ፤ ተነሥተውም በሩን ከፈቱለት።