የተረፈው ቆዳ

አንዲት ሴት ነበረች። ኑሮዋ አዳማ፣ ሥራዋ ባልትና። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ በሶ ትሸጣለች። ስሟን በለጡ እንበላት። እውነተኛ ስሟን ብነግራችሁ «ዘመዴ ናት» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም።

በለጡ ወፍራም ነበረች። ወፍራም ስላችሁ ደልደል ያለች ማለቴ አይደለም፤ መቶ ሃያ ኪሎ ማለቴ ነው። ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትታይ ደንበኛው ሽሮውን ሳይቀምስ ይገዛ ነበር። «ባይጣፍጥ እሷ እንዲህ ትሆን ነበር?» ይላል። ምን ያስቃችኋል? እናንተም ብትሆኑ ቀጭን ባልትና ሻጭ አታምኑም!

እሷ ግን ሳቁ አልጣማትም። ስኳር ያዛት። ጉልበቷ እምቢ አለ። ታክሲ ስትሳፈር አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ያጉረመርማል። ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። አንድ ነገር ብቻ መቻል አቃታት።

ምን መሰላችሁ? ታላቅ እህት አለቻት፣ ስንዱ የምትባል፣ ደሴ የምትኖር። የስንዱ ልጅ ስታገባ በለጡ ከአዳማ ድረስ ሄደች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስትሠራ ሰነበተች። በሠርጉ ዕለት ቤተሰቡ ፎቶ ሊነሳ ሲደረደር ስንዱ በሰው ፊት፣ «በለጡ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚ። ሙሽራዋን ትሸፍኛታለሽ» አለቻት። ሰዉ ሳቀ። ሙሽራዋም ሳቀች። በለጡ ነጠላዋን አንስታ ወጣች፣ በዚያው መናኸሪያ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሁለቱ እህትማማቾች አልተደዋወሉም። አንዲት ቃል ናት፣ ወገኖቼ፣ ለዚያውም ለቀልድ የተነገረች።

ከዚያ ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘላት። በሳምንት አንድ ቀን ሆዷ ላይ የምትወጋው መርፌ ነው። ስኳሩን ያወርዳል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ወረደችላችሁ! በዓመት ከምናምን ውስጥ ሃምሳ ኪሎ ሄደ። ስኳሯ ተስተካከለ፣ ጉልበቷ ተፈታ፣ ደረጃ መውጣት ቻለች። እሰይ አትሉም?

ቆይ፣ እሰይ ከማለታችሁ በፊት ልጠይቃችሁ። ሥጋው ሲሄድ ቆዳው የት ይሄዳል?

የትም አይሄድም። ክንዷ ሥር ተንጠለጠለ። ሆዷ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ ወደ ታች ወረደ። አንገቷ ረገበ፣ ጭኗ ተሸበሸበ። በዚያ በአዳማ ሙቀት እጥፋቱ ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ያሳክካታል፣ ሽፍታ ይወጣባታል። እሷ ደግሞ ሰው እንዳያይባት እጅጌ ረጅም ትለብሳለች፣ ሆዷን በቀበቶ ጠፍራ ታስራለች፣ ይብስባታል። መስታወቷን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ሐኪሙ ጋ ሄደች። «ይህ ቆዳ ሃያ ዓመት ተለጥጦ የኖረ ነው» አላት። «ሥጋው ቶሎ ሄደ፤ ቆዳው ግን በዚያ ፍጥነት አይሰበሰብም። ጡንቻሽን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሥሪ። እንቁላሉንም፣ ባቄላውንም ብዪ። እጥፋቱን አጥበሽ በደንብ አድርቂው፣ ይህን ቅባት ተቀቢ። ጥቂት ጥቂት ይሰበሰብ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ግን ላይመለስ ይችላል። ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱን ወደፊት ተረጋግተን እናስብበታለን።»

«ወፍሬ አፈርኩ፣ ከስቼም አፈርኩ» አለችው። «እኔ የማላፍረው መቼ ነው?»

ሐኪሙ የቅባቱን ማዘዣ ጽፎ ሰጣት። እሱ የሚያውቀው መድኃኒቱን ነው፣ ምን ያድርግ?

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ እንዴት ነን? ሰው ሲወፍር «ተመቸሽ!» እንላለን። ሲከሳ ግን አፋችንን በነጠላ ሸፍነን «ምን ነካት?» እንላለን። እሷን የሚጠይቃት የለም፤ ሁሉም በየቤቱ በሽታ መርጦላታል። አንዱ ካንሰር ይላል፣ ሌላው ስሙን የማይጠራውን ይላል። በለጡም «መርፌ ነው» ብላ አልተናገረችም። ለምን? «በመርፌ ከሳች» እንዳይሏት። መሳቂያ ከመሆን ቢያዝኑልኝ ይሻላል ብላ ዝም አለች።

እና የዕድር ጎረቤቷ ወይዘሮ አስናቀች፣ ደግ ሴት ናት፣ አንጀቷ አልቻለም፤ ደሴ ደወለች። «ስንዱ፣ እህትሽን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ፈጥነሽ ነዪ» አለቻት።

ስንዱ በማግስቱ አውቶብስ ተሳፈረች። በሩን ስትከፍት አየቻት፤ ያቺ ግዙፍ እህቷ ግማሽ ሆናለች፣ የአንገቷ ቆዳ ተንጠልጥሏል። «ወይኔ በለጡዬ! ወይኔ እህቴን!» ብላ እግሯ ላይ ተደፋች። «ይቅር በይኝ! ሳትሞቺብኝ ይቅር በይኝ! ምላሴን ይቁረጠው!»

በለጡ ገባት። እህቷ ለስንብት ነው የመጣችው። «እትዬ ተነሺ፣ እኔ ደህና ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አምስት ቃል። ግን ዘጠኝ ዓመት የናፈቀችው ነገር እግሯ ሥር ወድቆ እየለመናት ነው። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ እትዬ» አለችና ሄዳ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ስንዱም አጠገቧ ተቀምጣ ፀጉሯን ትዳብሳት ጀመር።

ጤነኛዋ ሴት ታመመች! አትፍረዱባት። እናታችሁ ከሞተች በኋላ ፀጉራችሁን የሚዳብስ እጅ ካጣችሁ፣ እናንተም ትጋደሙ ነበር።

ስንዱ አጥሚት ትሠራላታለች። በለጡ ሦስት ማንኪያ ትቀምስና ትመልሰዋለች፤ መርፌው አያስበላትማ! ስንዱ ደግሞ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። «በሞቀ ውኃ ልጠብሽ፣ ይቅለልሽ» ትላታለች። «አይሆንም፣ እትዬ፣ ይበርደኛል።» አዳማ ላይ ይበርደኛል! ልብሷ ከወለቀ ቆዳው ይታያል። ቆዳው ከታየ «ይህ እንዴት ሆነ?» ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ስንዱ፣ «እሑድ ልጄ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ይሰናበቱሽ» አለቻት። በለጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ወደ ጓዳ ስትሄድ ስንዱን አየቻት። ጎንበስ ብላ ሆዷን በሁለት እጇ ጨብጣለች፣ ላብ በፊቷ ይወርዳል።

«እትዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። ስለት ነው። አንቺ እስክትነሺልኝ ድረስ ጀንበር ሳትጠልቅ እህል ላልቀምስ ተስያለሁ።»

«ጨጓራሽስ? ሐኪም ጾም ከልክሎሽ የለም እንዴ?»

«የእኔ ጨጓራ ምን ዋጋ አለው? አንቺ ብቻ ትረፊልኝ።»

እህቷ ለሌለ በሽታ ልትሞት ነው። ፍሪጁን ከፈተች፣ የመርፌውን ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀሚሷን አወለቀች፣ ቀበቶውን ፈታች፣ በውስጥ ጉርድ ብቻ ቆመች። ሰው እንዳያይባት ስትደብቀው የኖረችው ቆዳ ሁሉ ወደ ታች ወረደ።

«እትዬ፣ እህል ቅመሺ። አልታመምኩም። የስኳር መድኃኒት ነው ያከሳኝ። ይህ የምታዪው የተረፈ ቆዳ ነው።»

ስንዱ ካርቶኑን አየች፣ እህቷን አየች። «መርፌ ነው?» አለች። «እኔ እዚህ አንጀቴ እስኪበጠስ ሳለቅስ አንቺ አጥሚቴን እየቀመስሽ ታዪኛለሽ? ለልጄ ምን ልበላት? አክስትሽ ቀለደችብን ልበላት?» ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ያዘች።

በለጡ ቀሚሷን ለማንሳት እንኳ አላጎነበሰችም። «ዋሽቻለሁ፣ እትዬ። ጥፋቴ ነው» አለች። «ግን እውነቱን ብነግርሽ እንዲህ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። ይቅርታሽ ለሟች ብቻ ነበር? ከሞትኩ እህትሽ ነኝ፣ ከዳንኩ ግን . . .»

እናንተስ ምን ትመልሱላት ነበር? ቸኩላችሁ አትመልሱ። ስንዱም አልቸኮለችም። እጀታውን እንደያዘች ብዙ ቆመች። ተናዳለች፣ ደግሞም እውነቷን ነው፤ ተታላለች። ብትሄድ ማን ይወቅሳት ነበር?

ሻንጣውን መሬት ላይ አኖረችው። ተመልሳ መጣችና የእህቷን ክንድ ያዘች፣ የተንጠለጠለውን ቆዳ በመዳፏ ደገፍ አደረገችው።

«ያን ቀን ከኋላ ቁሚ ያልኩት ሰውነት ሄዷል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ሄዷል።»

«ንግግሬስ?»

«እሱ አልሄደም፣ እትዬ። ይቅር ብዬሽም አልሄደም።»

ስንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አሁን የምታለቅሰው ለሟች አልነበረም። «አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ተናደጂ። ብቻ አትሂጂብኝ።»

ስንዱ ተነስታ ውኃ አሞቀች። እጥፋቱን እያነሳች አጠበቻት፣ በፎጣ አደረቀቻት፣ የሐኪሙን ቅባት ቀባቻት። ጀርባዋ ላይ ስትደርስ ሽፍታው ብሶ አገኘችው። «እዚህ ለምን አትቀቢም?» ብላ ተቆጣች። «እጄ አይደርስልኝማ» አለች በለጡ። ከዚያ ሁለቱም ቀርበው በሉ። ስንዱ የሦስት ቀኑን በላች፣ በለጡ እንደ ወፍ ቀመሰች።

ወገኖቼ፣ አሁን ይዣችኋለሁ፤ ከዚህ አታመልጡኝም።

እኛ የታመመ በመጠየቅ የሚያህለን የለም። ለቀብር ሥራ ዘግተን እንወጣለን። ሰው አልጋ ላይ ሲውል ቂማችን ይሟሟል፣ እግሩ ላይ እንወድቃለን። ጎበዞች ነን! ግን ንገሩኝ፣ ያ ሰው ቢድንስ? ተነስቶ ሥራ ቢገባ፣ መንገድ ላይ ቢያገኘን፣ ያው የድሮው ምላሱ ቢኖርስ? ያን ጊዜ ይቅርታችንን መልሰን ከኪሱ እናወጣለን። «ይሞታል ብዬ ነበር እኮ!» እንላለን። ስንት ሰው ነው ከመካከላችን እህቱ እስክትታመም፣ ወንድሙ እስኪወድቅ የሚጠብቅ? ስንቱ ነው የዕርቁን ንግግር ለአስከሬን ያዘጋጀ?

ሌላም አለ። ይቅር ያላችሁን ሰው፣ «ይቅር ካልሽኝ ለምን ታኮርፊያለሽ?» እያላችሁ አታስጨንቁት። በአንዲት ንግግር የተለጠጠ ልብ በአንድ «ይቅር በይኝ» አይሰበሰብም። ጊዜ ይፈልጋል። ምናልባትም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ውኃ ታሞቃላችሁ። እጁ የማይደርስበትን ትቀቡለታላችሁ። እየተናደዳችሁም ቢሆን!

እናንተ ደግሞ ሰውነታችሁን ደብቃችሁ የምትኖሩ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት እንደ ሌባ ዕቃ የምትሸሽጉ፣ እናንተን አልቆጣም። በአፋችን በር የዘጋንባችሁ እኛ ነን። «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ» የሚለውን ሰላምታ ከዛሬ ጀምሮ ብንተወው ምን ይጎድለናል? እግዚአብሔር ይመስገን ማለት አይበቃንም?

እኔም ወንድም አለኝ። ወልዲያ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ደልቶታል። በውርስ ቤት የተነሳ ስድስት ዓመት አልጠየቅኩትም። ይህን ስነግራችሁ ፊቴ ይቃጠላል፤ ግን ስንዱ ከደሴ አዳማ ድረስ ከመጣች እኔ ምን እግር አጣሁ?

ስለዚህ ተነሱ። ዛሬ፣ ከዚህ ስትወጡ፣ ጤነኛ ጠላታችሁ ቤት ሂዱ። በሩን ስታንኳኩ ይደነግጣሉ፤ እኛ ያስለመድናቸው ይህንኑ ነውና። «ምነው? ማን ሞተ?» ይሏችኋል።

«ማንም አልሞተም። ሁላችንም ደህና ነን። ለዚያ ነው የመጣሁት» በሏቸው።