ወንዝ የተሻገረው ወንበር

በአንዲት ትንሽ ከተማ ወንዝ የለያቸው፣ ላይኛውና ታችኛው የሚባሉ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ደህና አግዳሚ ወንበር ግን ለሁለቱም የነበራቸው አንድ ክፍል የሚሞላ ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎረቤት የሠርግ ድስት እንደሚዋዋሰው ይዋዋሱት ነበር።

አንድ ቀን ሆዱ ቀድሞት ከመኪና የሚወርድ የትምህርት ኃላፊ መጣና፣ "ሁለቱን አወዳድሬ የባሰውን እዘጋለሁ!" አለ።

ጠዋት የላይኛውን ጎበኘ። ከዚያ በድልድዩ ዞሮ በመኪና እስኪመጣ፣ የላይ ሰፈር ሰዎች ወንበሮቹን ተሸክመው በወንዙ አቋረጡና ታችኛው ትምህርት ቤት ደረደሯቸው።

ኃላፊው ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩን ዳበስ ዳበስ አደረገና ለተሰበሰበው ሕዝብ፣ "አያችሁ! ወንበር ማለት ይህ ነው! የላይኛው ወንበርማ ወገቤን ሲቆርጠኝ ነው ያረፈደው። በሉ፣ የላይኛው ይዘጋ!" አለ።

ታችኞቹ ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ፤ ላይኞቹ ክው አሉ። ቀሚሷ ከወንዙ ውሃ ገና ያልደረቀ አንዲት ምላሰኛ የላይ ሰፈር ሴት ግን ራሷን ነቀነቀች።

"አንቺ! ተሳስተሃል ልትዪኝ ነው?" አለ አፍጥጦ።

"ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ጌታዬ! ልክ ነዎት እንጂ። ይህን የተቀመጡበትን ወንበር አሁን ከላይ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ሳለ እውነትም ሰነፍ ነበር፤ ወንዙን ቢሻገር ጎበዝ ሆኖ አረፈው! እባክዎ ትንሽ ይቆዩበት፤ ጉብዝናው ለእርስዎም ይተርፍ ይሆናል።"