ከግድግዳው ማዶ የምትጮኸው ስልክ

አንድ ሰው ነበረ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ዝናቡ የሱቁን ጣሪያ ሲደበድበው፣ በርጩማ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የላፕቶፕ ፊደሎችን በአንድ ጣቱ እየፈለገ ይጫን ነበር። ቆርቆሮ የሚቈርጥ፣ የሚያጥፍ፣ ባልዲና አሸንዳ የሚሠራ ሰው ነው። እጁ መዶሻ ያውቃል። ይህን ልጁ ትታለት የሄደችውን ዕቃ ግን እጁ አያውቀውም።

ምን ይሠራ ነበር? የዓመቱን ግብር ያሳውቅ ነበር፤ ዛሬ ግብር የሚነገረው በኮምፒዩተር ነውና። የይለፍ ቃሉን ጻፈ፤ «ስሕተት ነው» አለው። ደገመ፤ «ስሕተት ነው» አለው። በሦስተኛው ጊዜ ተዘጋበት። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ተጫነ። ያን ጊዜ፣ ስድስት አኃዝ ያለው ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልኩ እንደ ተላከ፣ ቁጥሩንም በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲያስገባ የሚነግር ጽሑፍ ወጣለት።

ስልኩን አውጥቶ በጉልበቱ ላይ አኖረ። ጠበቀ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ምንም አልመጣም።

በማግሥቱም ደጋግሞ እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ተልኳል ይባላል፤ አይመጣም። ተልኳል ይባላል፤ አይመጣም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አላለም። እርሱ በተጫነ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤቱ ሱቅ፣ አንዲት ስልክ ጢው ትል ነበር። ጆሮው ሰማት፤ እርሱ ግን አላስተዋላትም። ከዚያ ግድግዳ ማዶ ያለውን ሁሉ ላለመስማት ከወሰነ ዐሥር ወር ሆኖታልና።

ምእመናን ሆይ፥ ሰው ጆሮው ሳይደነቍር ሊደነቍር እንደሚችል ታውቃላችሁን?

ስሙ ላቀው ነው፤ ይህንም የነገረኝ እርሱ ራሱ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤቱ አድማሱ ይባላል፤ ፎቶ አንሺ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሱቅ ከፍተው፣ በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተዋስነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ። ላቀው ለሁለቱም ሱቆች አንድ ወጥ አሸንዳ ሠርቶ፣ የሁለቱ ጣሪያ ውኃ በአንድ ቦታ እንዲወርድ አድርጎ ነበር። በመዶሻው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ቢመታ፣ «ና» ማለት ነው። አድማሱም ይመጣል። ልምጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ለምን ጠራኸኝ ብሎም አይጠይቅም።

በዚያ ዘመን ግብር በሰልፍ ነበረ። ከእናንተ መካከል ሽበት ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰልፈኛው ለጉዳይ ዞር ሲል በቦታው ድንጋይ ያኖራል፤ ድንጋዩም እንደ ሰው ይከበራል። ላቀው ሁለት ድንጋይ ያኖር ነበር፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የአድማሱ። አንዱ ሲሰለፍ ሌላው ሁለቱን ሱቅ ይጠብቃል፤ እኩለ ቀን ላይ ይለዋወጣሉ። ለሁለቱ አንድ ጃንጥላ ነበራቸው። በኪስ የተያዘው የሽምብራ ቆሎ ከፊት ለቆመውም፣ ከኋላ ለቆመውም ይደርሳል። ጸሐፊው በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አድርጎ ሲጽፍ፣ ከኋላ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ፣ «እርሱ ዘንድሮ ታሞ ነበር፤ ሱቁ ሦስት ወር ተዘግቶ ከርሟል፤ እኛ እናውቃለን» ብሎ ይመሰክርለታል። ማን ጠየቀው? ማንም አልጠየቀውም። ጎረቤቱ ነውና ይመሰክራል።

ያ ዘመን ሁሉ መልካም ነበረ አልላችሁም። ጭቃው ነበረ። ሁለት ቀን የቆመ ሰው ተራው ሲደርስ መስኮቱ ይዘጋበት ነበር። ጭቃውን አልናፍቅም። የሰውን ድንጋይ እንኳ የሚያከብረውን ሰው ግን እናፍቃለሁ።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። አድማሱ ለፎቶው ሥራ ኮምፒዩተር ስለ ነበረው፣ የላቀውን የግብር መዝገብ የከፈተለት እርሱ ነው።

«ስልክ ቁጥርህን በል» አለው።

«ስልኬን ቤት ትቼዋለሁ። ቁጥሩንም በቃሌ አላውቀው።»

«የገዛ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ያየሁት አንተን ብቻ ነው።»

«እኔ ለራሴ ደውዬ አላውቅ። የአንተን አድርገው። አንተ ጋ ቢመጣ፣ እኔ ጋ ቢመጣ፣ ምን ልዩነት አለው?»

ይህን ቃል ያዙልኝ። «አንተ ጋ ቢመጣ፣ እኔ ጋ ቢመጣ፣ ምን ልዩነት አለው?» በዚያ ቀን ልዩነት አልነበረውም። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሁለቱ በአድማሱ ሱቅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግብራቸውን ያሳውቁ ነበር፤ ላቀውም ቁጥሩ በማን ስልክ እንደሚመጣ ፈጽሞ ረሳ።

ባለፈው መስከረም የላቀው ታላቅ ወንድም በገጠር ዐረፈ። የሱቅ ጎረቤቶች ሁሉ ሱቃቸውን ዘግተው፣ እሑድ በአንድ አይሱዙ ተጭነው ለቀብር ሄዱ። አድማሱ አልሄደም። በዚያ እሑድ ሠርግ ሊያነሣ ቃል ሰጥቶ ነበርና ወደ ሠርጉ ሄደ። ሰኞ ወደ ላቀው ድንኳን መጣ። ላቀው ራሱን ቀና ሳያደርግ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሠርጉ እንዴት ነበረ?» አለው።

አድማሱ በድንኳኑ ጫፍ ጥቂት ተቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። ክረምቱ ሲገባ ላቀው መሰላል አቁሞ ያን አሸንዳ በወሰኑ ላይ ቈረጠው፤ ውኃውም በአድማሱ ደጅ ላይ ይወርድ ጀመር።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንመለስ። ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን ላቀው ወደ ግብር ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ሰልፍ የለም፤ ድንጋይም የለም። ስመኝ የምትባል ሴት በእርዳታ መስኮቱ ተቀምጣለች።

«አባቴ፥ ምን ልርዳዎት?»

«ልጄ፥ ይህ ነገራችሁ ይዋሻል። ቁጥር ልኬያለሁ ይለኛል፤ አልላከልኝም።»

መዝገቡን አየች። «ልኳል። ዘጠኝ ጊዜ ልኳል።»

«ወዴት?»

«በአርባ ሰባት ወደሚያልቀው ስልክ።»

ላቀው ዐይኑን ከመስኮቱ መለሰ።

«የእርስዎ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ባለቤቱን ያውቁታል?»

«ዐውቀዋለሁ።»

«በሕይወት አለ?»

«ከጎኔ ነው ያለው። ግድግዳ ለግድግዳ።»

«ተመስገን» አለች። «ትናንት አንዲት እናት መጥተው ነበር። ቁጥሩ የሚሄደው ወደ ሟች ባላቸው ስልክ ሆነባቸው። ለእርሳቸው ብዙ ወረቀት ያስፈልጋል። የእርስዎ ቀላል ነው፤ በሩን ያንኳኳሉ።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«አለ። ስልኩን ለማስለወጥ ማመልከቻ ይሞላሉ፤ ዐሥር የሥራ ቀን ይፈጃል።»

«ቀኑ የሚያልቀው ከነገ ወዲያ ነው።»

«እኔስ ምን አልሁ? ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ። ግብር ካላሳወቁም ንግድ ፈቃድዎ አይታደስም። በር ማንኳኳት ይህን ያህል ከባድ ነው?»

ላቀው ማመልከቻውን ተቀብሎ ወጣ። አስተውሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራበት ሱቅ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከበሩ ይልቅ ወረቀቱን ያዘ።

በማግሥቱ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ተጫነ። ከግድግዳው ማዶ ስልኳ ጢው አለች። በዚህ ቀን ሰማት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ቁጥሩ ጊዜው አለፈበት።

ሐምሌ ሠላሳ ከቀትር በኋላ እንደ ገና ተጫነ። ጢው አለች። ላቀው መዶሻውን አነሣ፤ መልሶ አኖረው። አነሣው። ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታ።

ከማዶ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ከዚያም ዐሥር ወር ሙሉ ያላነጋገረው ሰው ድምፅ በቆርቆሮው ውስጥ አልፎ መጣ።

«አራት» አለ ድምፁ። «ዜሮ። ዘጠኝ። ሁለት።»

«ድገመው።»

«የቱን?»

«ሁሉንም። ዜሮው የት ነው ያለው?»

«የአንተን ፊደል በግድግዳ ውስጥ አየዋለሁ እንዴ? ከዘጠኝ ቀጥሎ ፈልግ።»

ላቀው በአንድ ጣቱ ሲፈልግ፣ ዝናቡም ሲበረታ፣ አምስቱ ደቂቃ አለቀ። «አለፈበት» አለ።

ከማዶ ድምፁ፣ «ልምጣ?» አለ።

ልምጣ ብሎ ጠይቆት አያውቅም ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም። ላቀው ሲነግረኝ፣ «ከቅጣቱም፣ ከፈቃዱም ይልቅ ያ ጥያቄ ቈረጠኝ» አለኝ።

«ና» አለው።

አድማሱ ከራሱ ውኃ እየተንጠባጠበ ገባ። ከደጁ ሲወጣ ከተቈረጠው አሸንዳ የወረደ ውኃ ነው።

«ረጠብህ» አለ ላቀው።

«አሸንዳ የሚሠራ ጎረቤት የለኝም» አለ አድማሱ።

ተቀመጠ፤ ስልኩን ከፍቶ አሳየው። ቁጥሮቹ ሁሉ በተርታ አሉ። «ዐሥራ አንድ ናቸው» አለ። «ቁጥር በመጣ ጊዜ ሁሉ ጫማዬን አጠልቅና በር ላይ እቆማለሁ፤ ይጠራኛል ብዬ። አምስቱ ደቂቃ ሲያልፍ አወልቀዋለሁ።»

«ለምን አልመጣህም?»

«አንድ ጊዜ መጥቼ ነበር። ሠርጉ እንዴት ነበረ አልኸኝ።»

ላቀው በመዶሻው እጀታ ላይ ጣቱን ሲያመላልስ ቆየ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ሠርጉ እንዴት ነበረ?» አለው።

አድማሱ ፊቱን አየው። ዘለፋ አልነበረበትም።

«ሙሽራዪቱን ሳነሣ ወንድምህ በዐይኔ ይመጣብኝ ነበር» አለ። «እጄ አልረጋም። ግማሹ ፎቶ ደበዘዘ። ባለሠርጎቹ እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኙኝ ይሰድቡኛል።»

«ደግ አደረጉ» አለ ላቀው፤ መዶሻውንም ወደ ጎን አኖረው። «አድማሱ፥ በሰው ፊት አዋረድሁህ። ይቅር በለኝ።»

«እኔም መቅረት አልነበረብኝም። ሠርጉን ሌላ ሰው ያነሣው ነበር። ይቅር በለኝ። አሁን ተጫን፤ ቀኑ እያለቀ ነው።»

ዐሥራ ሁለተኛው ቁጥር በመካከላቸው መጣ። አድማሱ አነበበ፤ ላቀው ጻፈ፤ መዝገቡም ተከፈተ። ግብሩ ከተነገረ በኋላ አድማሱ፣ «ስልኩን አሁኑኑ ወደ ቁጥርህ እንለውጠው፤ ሁለተኛ አትቸገርም» አለ።

ላቀው ላፕቶፑን ከደነው። «ተወው» አለ። «አንተ ጋ ይምጣ።»

አስተዋይ ሰው ይህን አይመክርም። እኔም መዝገባችሁን በሰው ስልክ ክፈቱ አልላችሁም። በነጋታው ዝናቡ ሳያባራ ላቀው መሰላሉን አቁሞ ያን አሸንዳ ሲበይድ እንደ ዋለ ብቻ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። በቅዳሴው መካከል እርስ በርሳችሁ እጅ ንሡ ስትባሉ፣ ወደ ቀኝ እጅ ትነሣላችሁ፤ ወደ ግራ እጅ ትነሣላችሁ። ዐይናችሁ ዘሎት የሚያልፈው ሰው የለምን? ከዚህ ወጥታችሁ፣ «ጸለይሁ፤ አልተመለሰልኝም። ለመንሁ፤ አልተላከልኝም» ትላላችሁ። አልተላከም ያላችሁ ማን ነው? ተልኳል። ዘጠኝ ጊዜ ተልኳል። የተላከው ግን ልታዩት ወዳልፈለጋችሁት ሰው እጅ ነው። እግዚአብሔር የአንዱን መክፈቻ በሌላው እጅ ማኖር ልማዱ ነውና። እናንተም የዚያን ሰው በር ከማንኳኳት፣ ዐሥር ቀን የሚፈጀውን ወረቀት ትመርጣላችሁ።

አንተ ደግሞ፥ በዳይ አይደለሁም የምትለው፥ ጫማህን ዐሥራ አንድ ጊዜ አጥልቀህ ዐሥራ አንድ ጊዜ ያወለቅኸው፥ አንተንስ ማን አሰረህ? ከበርህ እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው?

«ድሮ ሰው ነበረ፤ ድሮ ፍቅር ነበረ» ስትሉ እሰማችኋለሁ። እኔም እላለሁ። ሳስታውሰው ያን ድንጋይ፣ ያን አንድ ጃንጥላ፣ ልቤ ይላወሳል። ነገር ግን ናፍቆት ንስሐ አይሆንም። የድሮው ሰው ወዴት ሄደ? ከግድግዳው ማዶ አይደለምን? አሸንዳውን የቈረጠውስ ማን ነው? ዘመን ነውን? መጋዙን የያዘው እጅ የማን ነበር?

ያችን እናት አትርሷት። የእርሷ ቁጥር ወደ ሟች ስልክ ይሄድ ነበር። እርሷ በሩን ብታንኳኳ የሚከፍትላት የለም። ከእናንተም መካከል ቁጥራችሁ ወደ መቃብር የሚሄድ አላችሁ፤ ለእናንተ ሌላ ቀን ሌላ ቃል አለኝ፤ ዛሬ ከእናንተ ጋር ከማልቀስ በቀር የምለው የለኝም። የቀራችሁት ግን፣ ወንድማችሁ በሕይወት ያለ፣ ድምፁ በቆርቆሮ የሚያልፍ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?

አምስት ደቂቃ ብዙ አይደለም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳውን ምቱ። ጫማውን አጥልቆ በር ላይ የቆመ አለና።