የፕሮቶን ሆድና ሞዴል ሃያ ሁለት

ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ ይህ ወሬ ቆመው የሚጨርሱት አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ልጅ ትርንጎ አንዲት ቁጥር ፈለገች። ወርቅ አላለች፣ መኪና አላለች፤ አንዲት ቁጥር! በምንዳስሰው ነገር ሁሉ ውስጥ ፕሮቶን የሚሉት ደቃቅ ነገር አለ አሉ፤ በሱም ሆድ ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ሦስት ተከራዮች። ተከራዮቹ ቢመዘኑ ከምንም አይቆጠሩም፤ ክብደቱ ያለው በግርግራቸው ነው። ለዚህ ትምህርት አያሻም፣ ቤት የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል። ትርንጎ የፈለገችው ከዚያ ግርግር የኳርኮቹ ድርሻ ስንት እንደሆነ ነው።

በዓይን አይታይም። ባዶውን ስፍራ እንደ መረብ ትከፋፍለውና በኮምፒውተር ሥዕል በሥዕል ታሰላዋለች። እያንዳንዱ ሥዕል ከፊተኛው ይወለዳል፤ ከአራት መቶው ሦስት መቶ ዘጠናው ደርሷል። እስከ ዓርብ ካልጨረሰች ስሟ ከባልደረቦቿ ጋር ከምታወጣው ጥናት ይሰረዛል፤ የአራት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሰኞ ኮምፒውተሩ ቆመ።

«አስላ እንጂ!»

«አላሰላም! ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ አለ፤ ተቃጥዬ ልሙትልሽ?»

ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። «አቀዝቅዝ፤ ኮምፒውተሩ አላሰላ አለ፣ ቁጥሬም አልወጣ አለች።»

«አላቀዘቅዝም! ፊልትሮዬ በአቧራ ታፍኗል። አዲሱ መጋዘን ተቀምጧል፣ አምጪልኝ።»

መጋዘን ወረደች። «ጋሽ ደምመላሽ፣ ፊልትሮውን ይስጡኝ፤ ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላሰላ አለ፣ ቁጥሬም አልወጣ አለች።»

ፊልትሮው ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል!

«የኔ ልጅ፣ ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት መርፌም አላወጣ። የዕቃ ማውጫ ወረቀቱን አስፈርመሽ ነይ።»

ማክሰኞ የንብረት ኃላፊዋ ዘንድ ገባች። «እትዬ የሺመቤት፣ ይፈርሙልኝ፤ ጋሽ ደምመላሽ አልሰጥ አሉ፣ ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላሰላ አለ፣ ቁጥሬም አልወጣ አለች።»

«ለምን ሥራ ነው?»

«የፕሮቶንን ውስጥ ለማስላት።»

«ፕሮቶኑ በማን ስም ወጪ ሆኖ ነው? የንብረት ቁጥሩስ?»

«ኧረ እትዬ! እርስዎም እኔም በሱ ነው የተሠራነው!»

«እንግዲያው ሳይመዘገብ ሲሠራበት ኖሯል! ቆጠራ ኮሚቴው ሳያረጋግጥ አልፈርምም።»

ፕሮቶን ላይ ቁጥር ይለጠፍ! እናንተዬ፣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ረቡዕ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ተገኘች። «አቶ ተካልኝ፣ ኮሚቴውን ይሰብስቡልኝ፤ እትዬ የሺመቤት አልፈርም አሉ፣ ጋሽ ደምመላሽ አልሰጥ አሉ፣ ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላሰላ አለ፣ ቁጥሬም አልወጣ አለች።»

«እኔማ በደስታ! ጸሐፊዋ ጥሪ ካልጻፈች ግን ኮሚቴው አይሰበሰብም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥሪ አልጻፈችም፣ ሰነፍ!»

የትርንጎ ደም ፈላ። «ማናት ይህቺ ሰው? በሷ የተነሣ ኮሚቴው አልሰበሰብ አለ፣ እትዬ የሺመቤት አልፈርም አሉ፣ ጋሽ ደምመላሽ አልሰጥ አሉ፣ ማቀዝቀዣው አላቀዘቅዝ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላሰላ አለ፣ ቁጥሬም አልወጣ አለች! ስሟን ይንገሩኝ፣ ልክ ልኳን ልንገራት!»

አቶ ተካልኝ ፋይሉን ገልጠው ማኅተም ያረፈበት የጸሐፊነት መመደቢያ ደብዳቤ አወጡ። «ወይዘሪት ትርንጎ አስናቀ፣ ፊዚክስ ክፍል።»

«እኔ ነኝ እኮ! ማን ነገረኝ? ደብዳቤው መቼ ደረሰኝ?»

«ግልባጩ ለሁሉም ደርሷል» አሉ አቶ ተካልኝ፣ ሳያፍሩ። ዋናው እዚያው ፋይል ውስጥ ታስሮ ሁለት ዓመት ተኝቷል!

ትርንጎ እስክሪብቶ ነጠቀቻቸው። ጸሐፊዋ ጥሪ ጻፈች፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ «ፕሮቶን አላቂ ዕቃ ስለሆነ ቁጥር አያሻውም» ብሎም ወሰነ። ፕሮቶን ዓለም እስኪያልፍ ቢጠብቁት እንደማያልቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ ጥርሷን ነክሳ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረችው። እትዬ የሺመቤት ፈረሙ፣ ጋሽ ደምመላሽ ሰጡ፣ ማቀዝቀዣው አቀዘቀዘ፣ ኮምፒውተሩ አሰላ፣ ዓርብ ከሰዓት ቁጥሯ ወጣች። ተላከች። ስሟም አልተሰረዘ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ደብዳቤ መጣላት። ይኼኛው አልዘገየም፤ አስፈርመው በእጇ ሰጧት፦ ሁለት ዓመት ስብሰባ ባለመጥራቷ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ግልባጭ ለሁሉም።

ወሬዬ እዚህ ላይ ቆመ፤ የተናደዳችሁ ውኃ ጠጡ።