የአህዪት ጓዳ እና የአያ ጅቦ እሽግ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ለበራቸው አዲስ ማጠፊያ ለመምታት እንኳ ማኅተም ያለበት ወረቀት በሚጠየቁበት ዘመን፣ ጀርባዋ በጭነት የቆሰለ አንዲት አህያ ነበረች። ያላት ሀብት አንድ ቤት፣ ከቤቱም በስተኋላ ባዶውን የተቀመጠ አንድ ጓዳ ነው። «ይህን ጓዳ ለይቼ፣ በር አውጥቼለት ባከራየው ከጭነት እገላገል ነበር» ብላ አሰበች። ሐሳቧን ሳትጨርስ ተከራይ ከደጇ ቆመች፤ ሁለት ግልገሎች ያስከተለች በግ።

«እሜቴ፣ ክረምቱ ሳይገባ መጠለያ ካላገኘሁ እነዚህ ልጆች አይተርፉልኝም» አለች በጊት። «በየወሩ አንድ ቁና ገብስ አመጣልሻለሁ። ለቀብድ ደግሞ ይኸው፣ ጠጉሬን ተሸልቼ መጣሁ።»

አህዪት በደስታ ጆሮዎቿን አራገበች። የጠጉሩን ክምር ጓዳው ጥግ አስቀምጣ «ፈቃዱ ብቻ ይውጣልኝ እንጂ ቤቱስ የአንቺ ነው» አለቻት።

ፈቃዱ ነበር ጣጣው። በንጉሥ አንበሳ አዋጅ፣ ያለ ፈቃድ ግድግዳ የነካም፣ በር ያወጣም፣ ያከራየም ከእሱ ጋር ይተያያል። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የቤቶች ተቆጣጣሪው አያ ጅቦ ነው! ማኅተሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። አህያ ለጅብ ማመልከቻ ይዛ ስትሄድ አስቡት! ማመልከቻውን የጻፈችላት ቀበሮ ናት፤ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ለከሳሽም ለተከሳሽም የምትጽፍ፣ ከሁለቱም የምትበላ።

አያ ጅቦ በማግስቱ መጣ። ጓዳውን ዞረ፣ አሸተተ፣ ምራቁን ዋጠ።

«ተከራይዋ ማን ናት?»

«በግ ናት ጌታዬ፤ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር።»

«ከሁለት!» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እንደ ምንም ራሱን ሰብስቦ ኮስተር አለ። «መስኮቱ ሰፊ ነው። ብርድ ያስገባና ልጆቹን ያከሳብናል። አጥብቢው!»

«ደንብ ከሆነማ» አለች አህዪት፣ አጠበበችው።

በሳምንቱ ተመለሰና «በሩ ሳስቷል፤ የወይራ ሳንቃ ይሁን» አለ። በቆሰለ ጀርባዋ ወይራ ተሸክማ አመጣች። ደግሞ በሳምንቱ መጣና «መቀርቀሪያው ከውጭ ይሁን!» አላት።

«ከውጭ? ታዲያ ተከራይዋ እንዴት ትዘጋዋለች ጌታዬ?»

«ደንብ ነው አልኩሽ!»

«ደንብ ከሆነማ...»

የታዘዘችውን አንዲት ሳታጓድል ትፈጽማለች። የዋህ ትሁን ብልጥ እስከ ዛሬ ለይቶ የነገረን የለም። ሰማዩ ግን መጥቆር ጀምሯል፤ ግልገሎቹ ዛፍ ሥር ተኮራምተው ስታይ አህዪት ሆዷ ይባባል።

በመጨረሻ አያ ጅቦ «ተከራይዋን ከነልጆቿ ጓዳው ውስጥ ሳላይ አልፈርምም» ብሎ ቀን ቆረጠ። ጠዋት ከቀበሮ ጋር ሲመጡ በመንገድ ላይ የተባባሉትን አህዪት የሰማችው በኋላ ነው።

«እኔ ልክ እንደገባሁ በሩን ቀርቅሪና እሸጊው፤ ማንም እንዳይረብሸኝ» አላት ጅቦ።

«የእኔ ድርሻስ?»

«ሰኮናው ያንቺ ነው።»

«ሰኮናው!» አለች ቀበሮ ፈገግ ብላ።

በጊት ገና ከግጦሽ አልተመለሰችም። አህዪት ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት አያ ጅቦ ገፍትሯት ገባ። መስኮቱ በእሱ ትእዛዝ ጠብቦ ጠብቦ ጓዳው ድቅድቅ ብሏል። ጥግ ላይ ነጭ፣ ወፍራም ነገር ተጋድሟል። «አገኘኋት!» ብሎ ዘሎ ነከሰ። ቀበሮ በዚያው ቅጽበት በሩን ጠረቀመችው፣ መቀርቀሪያውን ጣለች፣ አስቀድሞ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ለጠፈች፦ «ታሽጓል። ያለ ተቆጣጣሪው የጽሑፍ ትእዛዝ የከፈተ ወዮለት!»

«እትፍ! እትፍ! ጠጉር ብቻ ነው! ክፈቱልኝ!» አለ ከውስጥ።

«ታሽጓል እኮ ጌታዬ» አለች አህዪት።

«ያሳሸግኩት እኔ ነኝ!»

«እርስዎ ስለሆኑማ ነው የፈራሁት። በጽሑፍ ይዘዙኝ።»

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሽግ የሚነሣው በማመልከቻ ነው። ማመልከቻው ላይ የቤቱ የፈቃድ ቁጥር ይሰፍራል።»

«ፈቃድ የለውማ!»

«እንግዲያው በደንቡ መሠረት ቤቱ የለም። የሌለ ቤት እሽግ ደግሞ አይነሣም።»

«እኔስ ታዲያ የት ነው ያለሁት?»

«እሱን ሰኮና የሚደርሳት ጸሐፊ ከየት ታውቀዋለች?»

አህዪት ሳቋን ልታፍን ብትታገል ማናፋት ሆኖ አመለጣት። ስንት ቀን ያብሰለሰላት ጭንቀት አብሮ ወጣላት።

ይኼኔ ከወንዙ ማዶ ግሳት ተሰማ፤ ንጉሥ አንበሳ አገሩን ሊጎበኝ ወጥቷል! አያ ጅቦ ራደ። «ወረቀቱን አምጡ! ፈቃዱንም፣ ማመልከቻውንም፣ ሁሉንም!» ወረቀቶቹ በጠባቡ መስኮት ገቡ። ጠቅ! ጠቅ! ማኅተም ተመትቶባቸው ወጡ። አህዪት ፈቃዷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘች።

መቀርቀሪያው ሳይነሣ አንበሳ ደረሰ። «ውስጥ የሚጮኸው ማን ነው?»

አህዪት እጅ ነሣች። «ጃንሆይ፣ ተቆጣጣሪያችን ናቸው። ጓዳው ለኑሮ መመቸቱን ተዘግቶባቸው እየፈተሹ ነው። ፈቃዴንም ከዚያው ሆነው ፈረሙልኝ።»

በሩ ሲከፈት አያ ጅቦ ጠጉር በጥርሱ እንዳንጠለጠለ ወጣ።

«እህስ፣ ተመቸህ?» አለው አንበሳ።

«መስኮቱ... ትንሽ ጠበበ ጃንሆይ።»

«ይኸ ነው ሥራ ማለት!» አለ አንበሳ በአድናቆት። «ከዛሬ ጀምሮ ተቆጣጣሪ ሁሉ የሚፈትሸውን ቤት ታሽጎበት ይፈትሽ። እስኪፈርም እንዳይከፈትለት!»

በጊት ከነልጆቿ ከሰዓት በኋላ ገባች። መስኮቱን ለማስፋት፣ መቀርቀሪያውንም ወደ ውስጥ ለማዞር እንደገና ፈቃድ አስፈልጎ ነበር፤ አያ ጅቦ ወደ ጓዳው ሳይጠጋ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማኅተሙን መታላቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ሲደበድብ አህዪት ያለ ጭነት ተጋድማ፣ ከግድግዳው ማዶ ግልገሎቹ ሲፈነጥዙ ታዳምጥ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ መቀርቀሪያው ከውጭ የሆነ በር ለሌላው የሚያዝዝ ሹም አስቀድሞ ራሱን ከውስጥ አድርጎ ማሰብ እንዳለበት ነው።