የሚደግፍ እጁን ያንሳ

ስማኝማ ወንድሜ፣ ይሄ አለቃችን አቶ ዘርጋው በቁሜ ሊያሳብደኝ ነው! የምግብ ቤቱን የብረት ታፔላ አራት ሆነን ከጭንቅላታችን በላይ ደግፈን ይዘን፣ በያጁን እየጠበቅን ነው። ሰውዬው መጣና "ታፔላው ላይ የተሳለችው ዶሮ ለደንበኛ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ዲዛይኑ ይቀየር!" አይል መሰለህ! ግማሾቻችን ይቀየር፣ ግማሾቻችን አይቀየር ብለን እዚያው እንደተሸከምን ተጨቃጨቅን። እሱ እቴ! ታፔላው ሥር ገብቶ ቆመና "በቃ፣ ድምፅ ይሰጥ! ለውጡን የሚደግፍ እጁን ያንሳ፤ ያላነሳ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለውም!" ብሎ አፈጠጠብን። እኔ በንዴት ልፈነዳ ስል፣ አጠገቤ ያለው ቀለም ቀቢ ረጋ ብሎ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

"ጋሼ፣ መደገፉንስ ሁላችንም ደግፈናል። እጃችንን ከማንሳታችን በፊት ግን እርስዎ ከሥሩ ይውጡልን።"