በጥምቀት የቀላ ነጠላ

እኛ ሰፈር አንድ አባባል አለ። ሰው አንዱን ወገን ብቻ አይቶ «በቃ፣ ጨርሻለሁ!» ሲል ሽማግሌዎቹ ጣል ያደርጉበታል። የሰማ ሁሉ ይስቃል። የሺሃረግ ግን አትስቅም፤ አባባሉ የወጣው ከእሷ ቤት ነዋ።

የሺሃረግ ጎንደር ውስጥ የሀገር ልብስ ጠላፊ ነበረች። የምትሠራባት ጠባብ ሱቅ የኪራይ ብትሆንም እናቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱባት፣ እሷም መርፌ መያዝ የተማረችባት ናት። በዚያ ዓመት ገበያው ሞቶ የሱቁ ባለቤት፣ «የጥር ሰርግ ካላቃናችሁ ለሌላ አከራያለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ባሏ ውባንተም፣ «ጥምቀት ላይ አገር ምድሩ ይሰበሰባል፤ በራሪ ወረቀት አሳትመን እንበትን» አለ። እውነቱን ነው፣ ሐሳቡስ ደግ ነበር።

ማተሚያ ቤት ሄዱ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሰብለ ሁለት ዓይነት ወረቀት አመጣች። አንዱ ተራው ነው። ሌላው ወረቀት ይምሰል እንጂ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቧንቧ ሥር ብታደርገው ውሃው ተንሸራቶ ወረደ፣ ብትጎትተውም አልቀደድ አለ። የሺሃረግ ልቧ እዚያው ቀረ።

«ይኼ ይሁን» አለች።

«በጥር?» አለ ውባንተ። «በጥር ምን ዝናብ አለና ነው የዝናብ ወረቀት የምንገዛው? በዚያው ብር ከተራው እጥፍ እናሳትማለን። ገበያ በብዛት ነው!»

«ኧረ ጠበሉስ፣ ውቤ?»

«ጠበል የሚረጨው ሰው ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ ነው እንዴ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ።

ሰብለም፣ «ተራው ላይ የማትምበት ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል፤ በኋላ እንዳትወቅሱኝ» አለች። ማን ሰምቷት! «ይልቅ ቀዩን አድምቂልኝ፤ የሚስቴ ስም ከሩቅ ይታይ» አላት ውባንተ። የሺሃረግ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቷት ነበርና ቃሏን ዋጠችው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ያ ዝምታዋ ነው።

የጥምቀት ዕለት የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ነጭ በነጭ ሆኗል። ውባንተ እንደ ጉድ በተነ። ሰውም ወረቀቱን በደስታ ተቀበለ። ፀሐዩ ሲከር ገሚሱ ከነጠላው ሥር አናቱ ላይ አደረገው፣ ገሚሱ መቀነቱ ውስጥ ሻጠው። የሺሃረግ ስሟን በየሰዉ እጅ ስታይ ደስ አላት፤ ሱቋ የተረፈች መሰላት።

ውሃው ተባረከና በጎማ ይረጭ ጀመር። እልልታው ቀለጠ። የሺሃረግ በአንዲት ልጃገረድ ትከሻ ላይ ቀይ ነገር ሲወርድ አይታ ደም መስሏት ልትጮኽ ነበር። ዞር ብትል ሌላው፣ ዞር ብትል ሌላው! ወረቀቱ ርሶ፣ ቀለሙ በየነጠላው፣ በየቀሚሱ ይወርዳል። «ማነው ይኼን ያደለን?» «የየሺሃረግ ባል ነው!» ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከቃና ዘገሊላ በኋላ እትዬ ጌጤነሽ ከጎረቤታቸው ከአባባ ተገኘ ጋር ሱቋ መጡ። የልጃቸውን የሰርግ ልብስ፣ የሚዜዎቹንም ጭምር፣ እንድትጠልፍላቸው ለየሺሃረግ የሰጡ እሳቸው ናቸው። ሸማቸውን መልሺልኝ አሉ።

«እትዬ፣ የቀላውን ነጠላዎን እኔው ራሴ አጥቤ አስለቅቀዋለሁ» ብላ ለመነች።

«የአንድ ነጠላ ነገር አይደለም፣ ልጄ። የሙሽራዬን ነጭ ልብስ ከእንግዲህ በምን ልቤ አንቺ ዘንድ ላሳድር?»

የሺሃረግ ሸማውን አጣጥፋ አስረከበች። ሌሎቹም ደንበኞች እንደሚከተሉ፣ የእናቷም ሱቅ በዚያው እንዳለቀላት አውቃለች።

ይኼኔ ውባንተ ከጥግ ብድግ ብሎ፣ «ቆይ እንጂ! እኔ ዝናብ የለም ነው ያልኩት። ዘነበ እንዴ? ጠብ ያለ ነገር አለ?» አይል መሰላችሁ!

የሺሃረግ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም፤ የተሰቀሉትን ቀሚሶች አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር። አባባ ተገኘ እሷን አዩ፣ ባሏን አዩ፣ በዱላቸው ደፉን መታ መታ አድርገው እየወጡ፣ «ኤዲያ፣ ደመና የለም ሲል ጠበል ወሰደው!» አሉ።